ጥርሱ ከመኪናው፣ አፉ ከቸርኬው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ አንድ ነገር ናቸው። ከሌላ ሞዴል መኪና የወረደ ያገለገለ ቸርኬ የገዛ፣ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው "ይገባል ወይስ አይገባም?" ይላል። የባትሪና የሞተር ዘይት ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዛሬ ገጹን በሙሉ ቸርኬ ወስዶታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ቪትዝ ነው። ባለ 14ቱ የብረት ቸርኬ ዝጎ ስላስጠላኝ፣ ከሆንዳ ፊት የወረደ ባለ 15 አሉሚኒየም አራቱንም ገዛሁ። የኔም አራት ቀዳዳ ነው፣ የሱም አራት ነው። ሲሞከር ልክክ ብሎ ገባ፣ በራሴ ዳዶ አሰርኩት። በዝግታ ስነዳ ምንም የለውም። 80 ስደርስ ግን መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ 100 ላይ ይብስበታል። ሁለቴ ባላንስ፣ አንዴ አላይመንት አስደረግሁ። ጎሚስታው "ጎማው ነው፣ ቀይር" ይለኛል። መካኒኩ ደግሞ "ኩሽኔታ ነው" ይላል። ማንን ልመን?
ባለ ቪትዝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትመን። ጎማም ኩሽኔታም ከመቀየርህ በፊት ምንም ሳታወጣ የምታያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። እንደኔ ግምት ችግርህ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ምናልባትም ሁለቱም።

የመጀመሪያው የመሀል ቀዳዳው ነው። ቸርኬ መሀሉ ላይ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት፣ አብሮት የሚዞረው ብረት) ላይ ባለው ክብ አንገት ላይ ይሰካል። የቪትዝ አንገት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሆንዳ ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ደግሞ 56.1። የቡሎን አቀማመጣቸው የሁለቱም 4 በ100 ነው፤ አራት ቡሎን፣ ስፋቱ 100 ሚሊ በሆነ ክብ ላይ ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ትግል ይገባል። መሀሉ ላይ ግን ዙሪያውን 1 ሚሊ ክፍተት ይቀራል። እንደዚያ ሲሆን ቸርኬውን መሀል የሚያደርገው አንገቱ መሆኑ ቀርቶ ዳዶው ብቻ ይሆናል። ጎማው መሬት ነክቶ፣ የመኪናው ክብደት ተጭኖት እያለ ዳዶ የሚያጠብቅ ሰው ካጋጠመህ ቸርኬው ወደ አንድ ወገን እንደተንሻፈፈ ታስሮ ይቀራል። ግማሽ ሚሊ ይበቃል። በዝግታ አታውቃትም፤ ፍጥነት ስትጨምር ያቺ ግማሽ ሚሊ መሪህ ላይ ትወጣለች።

ባላንስ ለምን አላዳነህም? ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በራሱ ኮን (ሾጣጣ መያዣ) ነው፣ መሀሉን ጠብቆ። እዚያ ዜሮ ዜሮ ያለው ጎማ አንተ መኪና ላይ ሲመለስ መሀሉን ስቶ ይታሰራል። አሥር ጊዜ ባላንስ ብታስደርገው ያው ነው።

መፍትሄው ቀለበት ነው። ከውጭ 56.1፣ ከውስጥ 54.1 የሆነች ስስ ቀለበት፤ የፕላስቲክም የአሉሚኒየምም አለ። ብዙ ሰው "ፕላስቲክ መኪና ይሸከማል እንዴ?" ብሎ ይስቃል። አትሸከምም፤ ሥራዋም አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ዳዶው ጠብቆ የቸርኬው ፊትና የሞዞው ፊት ሲጣበቁ የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ቀለበቷ ዳዶው እስኪጠብቅ ድረስ ቸርኬውን መሀል ላይ ትይዝልሃለች፣ በቃ። ከመክተትህ በፊት የሞዞውን አንገትና ፊት በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፤ ዝገት ላይ የተቀመጠች ቀለበት ሁለተኛ አትወጣም፣ ቸርኬውም ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

ሁለተኛውን ነገር ከመጀመሪያው ይልቅ እፈራዋለሁ። "በራሴ ዳዶ አሰርኩት" ብለሃል። የቶዮታ የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ በ60 ዲግሪ። አፉ የምለው ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠውን ጫፉን ነው። የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ ጉድጓድ ግን እንደ ኳስ የጎደጎደ ነው፤ የራሱም ዳዶ አፉ ክብ ነው። ሾጣጣውን ክቡ ውስጥ ስታስገባው ሙሉ ፊቱ አይነካም። በቀጭን ጠርዝ ብቻ ይይዛል። መፍቻው አልዞርም ይላል፣ አንተም "ጠበቀ" ትላለህ። ከዚያ ትንሽ ሲነዳ ያ ቀጭን የአሉሚኒየም ጠርዝ ይደቃል፣ ዳዶውም ይላላል።

እንዲህ አድርገህ ፈትሸው። አንድ ዳዶ ብቻ ፍታ። አፉን ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ቀባ። እንዲደርቅ ጠብቀህ መልሰህ አጥብቀው፣ እንደገና ፍታው። ቀለሙ ሰፋ ባለ ቀበቶ መልክ ከተፋቀ ዳዶውና ቸርኬው ይተዋወቃሉ። እንደ ክር በቀጠነች መስመር ብቻ ከተፋቀ አይተዋወቁም። ጉድጓዱንም በስልክህ መብራት እየው። ጥርት ያለች፣ አዲስ የምታብለጨልጭ ቀለበት ካየህ አሉሚኒየሙ መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በጽሑፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት እንዳንተው የተቀላቀለ ዳዶ አስሬ ረጅም መንገድ ወጣሁ፤ ከፊት በስተግራ "ቋ፣ ቋ" የሚል ድምፅ ስሰማ ድንጋይ ጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ። ቆሜ ሳይ ሁለቱ ዳዶዎች በጣት ይዞሩ ነበር።

ደግነቱ ያንተ ቀላል ነው። የሆንዳም የቶዮታ ትንንሽ መኪኖችም ጥርስ 12 በ1.5 ነው፤ ቡሎኑ 12 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ። ስለዚህ የሆንዳ ዳዶ አሥራ ስድስት ፈልገህ ቪትዝህ ላይ ታስራለህ። ይህችን ያዝልኝ፦ ጥርሱ ከመኪናው፣ አፉ ከቸርኬው። ቸርኬ ከመኪና መኪና ሲዛወር ዳዶው የሚመረጠው በዚህ ነው። ያገለገለ ቸርኬ ስትገዙ "ዳዶውስ የት አለ?" በሉ የምለውም ለዚሁ ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ የሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎታል።

ስታስር ደግሞ መኪናው ክሪክ ላይ፣ ጎማው አየር ላይ ይሁን። ሁሉንም በእጅህ አስገባ፣ ከዚያ በትይዩ እየዘለልክ ጠበቅ ጠበቅ አድርግ፣ ከዚያ አውርደህ በቶርክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር። ጥርሱን ዘይት አትቀባ፤ በዘይት የረጠበ ጥርስ ላይ ያው 103 ቡሎኑን ከልክ በላይ ይስበዋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ደግሞ እንደገና ፈትሽ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ስኮርታህ (ትርፍ ጎማህ) ያው የድሮው የብረት ቸርኬ አይደል? የሆንዳው ክብ አፍ እሱ ላይ አይሆንም። አራቱን የድሮ ዳዶ በከረጢት ቋጥረህ ከስኮርታው ጋር አስቀምጥ። በሌሊት ጎማ ሲተኛብህ ታመሰግነኛለህ።

ጥያቄ፦ እኔ ያሪስ አለኝ። ጓደኛዬ የሱዙኪ ዲዛየሩን ቸርኬ ቀይሮ የድሮውን ከነዳዶው ሊሰጠኝ ነው። ልቀበለው?
እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ ቸርኬውን ተቀበዪ፣ ዳዶውን መልሺለት። ዲዛየርም ያሪስም 4 በ100 ናቸው፣ የመሀል ቀዳዳቸውም ሁለቱም 54.1 ነው። ቀለበት አያስፈልግሽም። ግን የሱዙኪ ጥርስ 12 በ1.25 ነው፣ ያንቺ 12 በ1.5። የሱን ዳዶ በእጅሽ ብታስገቢው ሁለት ዙር ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። አደጋው እዚያ ላይ ነው። በእጅ የሚያስር ሰው "እምቢ አለኝ" ብሎ ያቆማል፤ በአየር መፍቻ የሚያስር ሰው ግን እምቢታውን አይሰማም፣ ድርርር አድርጎ ያስገባዋል፣ ጥርሱ ተበልቶ ያልቃል፣ ሞዞው ላይ ያለው ቡሎን መቀየር ሊኖርበት ነው። የያሪስሽ የድሮ ቸርኬ የብረት ከሆነ የራስሽ ሾጣጣ ዳዶ ሱዙኪው ላይ ልክ ነው፤ ሱዙኪም አፉ ሾጣጣ ነው። ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ከሆነ ያለሽ ግን ሾጣጣውን ለብቻው ግዢ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ያለችኝ አንድ ኮሮላ ናት፤ ልጄ "ላሳምራት" ብሎ ሰፋፊ ያገለገለ ቸርኬ ገጠመላት። እውነቱን ለመናገር አምራለች። ብቻዬን ስነዳት ምንም አትልም። ቤተሰብ ሞልቶ ሲሳፈር ግን ከኋላ "ሽርር" ይላል፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ከፊትም ይሰማል። የድሮው ላይ 6 ጄ እና ኢቲ 45 ይላል። የአሁኑ 7 ጄ፣ ኢቲ 35 ነው። ልጄ "አንድ ኢንች ብቻ እኮ ነው አባዬ" ይለኛል።

መልስ፦ አባት፣ ልጅዎ አልዋሸም፤ ሒሳቡን ግን ግማሽ ነው የሠራው።

ጄ ያለበት ቁጥር የቸርኬው ስፋት ነው፣ በኢንች። ከ6 ወደ 7 ሲኬድ 25.4 ሚሊ ይጨምራል፤ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ። ስለዚህ በየጎኑ 12.7። እስከዚህ ድረስ ልጅዎ ልክ ነው። ኢቲ የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቸርኬውን በስፋቱ እኩል ለሁለት ቢቆርጡት መሀል መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊት ከዚያ መስመር ስንት ሚሊ ወደ ውጭ እንደወጣ ነው ኢቲ የሚነግረን። ቁጥሩ ሲበዛ ቸርኬው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል። ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ከ45 ወደ 35 ስለወረደ መላው ጎማ 10 ሚሊ ወደ ውጭ ሄዷል።

አሁን ሁለቱን ይደምሩ። ወደ ውጭ 12.7 እና 10፣ በድምሩ 22.7 ሚሊ። ሁለት ጣት የማይሞላ ነው፣ ግን ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ብዙ ነው። ወደ ውስጥ ደግሞ 12.7 ሲቀነስ 10፣ 2.7 ሚሊ ብቻ። ስለዚህ የሚነካው በውጭ በኩል ነው። ባዶዋን ስትሆን ከፍ ብላ ስለምትቆም አይነካም። ቤተሰብ ሲሞላ ሞላው ይወርዳል፣ የፓራፋንጎው የውስጥ ከንፈር ጎማው ትከሻ ላይ ያርፋል። ጎማውን በመዳፍዎ ይዳብሱት፤ በውጭው ትከሻ ዙሪያውን የተፋቀ፣ ለስለስ ያለ መስመር ያገኛሉ። መስመሩ ክሩን ካሳየ ያ ጎማ አብቅቶለታል፣ አይንዱበት።

የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ የሚያጥፉ ሰዎች አሉ። ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ዝገት ይጀምራል። እኔ አልወደውም። ደግሞም መንካቱ ቢቀር እንኳ ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጭነት ይበዛል፣ መሪውም በየጉድጓዱ እጅዎን ይመታል። ያው 7 ጄ ሆኖ ኢቲው 45 አካባቢ የሆነ ቸርኬ ቢገኝ ወደ ውጭ የሚወጣው 12.7 ብቻ ነው፤ ግን ያኔ ወደ ውስጥም 12.7 ስለሚገባ አሞርዛተሩ እንዳይነካ ክፍተቱን ማየት ያስፈልጋል። ልጅዎ ቸርኬውን ለሌላ መኪና ሸጦ በ6 ወይም በ6.5 ጄ ይቀይረው። ማማሯ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሁንዳይ ቱሳን አለኝ፤ የመርሴዲስ ቸርኬ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ አግኝቻለሁ። የኔ 5 በ114.3 ነው፣ የሱ 5 በ112። የማምነው መካኒክ "2 ሚሊ ምን አላት፣ ዳዶው ይስበዋል፤ የመሀሉን ቀዳዳ ትንሽ እንሞርደዋለን" አለኝ። ልብ አንጠልጣይ ቸርኬ ነው በእውነት።

መልስ፦ ልብህን ያንጠለጥለው፣ መኪናህ ላይ ግን አይንጠልጠል።

2.3 ሚሊ የክቡ ስፋት ልዩነት ነው። ያ ማለት እያንዳንዱ ቡሎን ከቀዳዳው መሀል ከ1 ሚሊ በላይ ስቶ ይቆማል። ዳዶው ሲጠብቅ አምስቱንም ቡሎን ወደ መሀል ያጎብጣል። ያ የጎበጠ ብረት ጎማው በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ሽቦ በእጅህ እያመላለስክ ስትሰብር አይተህ የለ? እሱ ነው። ዛሬ አይሰበርም። ለዚያ ነው ሰው "እኔ ዓመት ነዳሁበት" የሚልህ።

የመሀሉ ቀዳዳ ደግሞ የመርሴዲሱ 66.6፣ ያንተ ሞዞ 67.1 ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ቀለበት እንጨምራለን፤ ሲጠብ ግን መሞረድ ሊኖር ነው። በሞረድ ክብ አይወጣም። መቶ በመቶ ክብ እንዲሆን ከተፈለገ በቶርኖ ነው የሚሠራው፣ እሱም የቡሎን ቀዳዳው ልክ ከሆነ ነው። ያንተ ቀድሞውኑ ልክ አይደለም። በሁለቱ መሀል የሚገባ አዳፕተር የሚባል ወፍራም ብረት አለ፤ እሱ ግን ጎማውን በራሱ ውፍረት ልክ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ከላይ ያለውን የጡረተኛውን አባታችንን ደብዳቤ አንብብ።

ይልቅ ሌላ ጊዜ እንዳትሸወድ መለካቱን ልንገርህ። ባለ አራት ቀዳዳ ቀላል ነው፤ ከአንዱ ቀዳዳ መሀል እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ መሀል ለካ። ባለ አምስት ፊት ለፊት ስለሌለው ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሀል እስከ መሀል ለካና በ1.701 አባዛ። 67.2 ሚሊ ካገኘህ 114.3 ነው። 65.8 ከሆነ 112። 58.8 ከሆነ 100። እንደምታየው በ112 እና በ114.3 መሀል ያለው ልዩነት 1.4 ሚሊ ብቻ ስለሆነ በልብስ ሰፊ ሜትር አትለካ፤ ካሊብሮ (ሚሊን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ተዋስ። መሀሉን ከመሀል መፈለግ ካስቸገረህ ደግሞ ከአንዱ ቀዳዳ የግራ ጠርዝ እስከ ሌላው የግራ ጠርዝ ለካ፣ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ ላይ የፕራዶ ቸርኬ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው? የፓጄሮስ?

መልስ፦ የፕራዶው እውነት ነው። እስከ 2023 የተሠራ ፕራዶ ከሆነ ሁለቱም 6 በ139.7፣ የመሀል ቀዳዳቸውም 106.1 ነው። የፓጄሮው ግን ወሬ ነው። በኋለኞቹ ፓጄሮዎች ስድስት ቀዳዳው ያው 139.7 ሆኖ መሀሉ 67.1 ስለሆነ የሃይሉክስ ሞዞ ላይ ጭራሽ አይገባም። "ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ይገባል" የሚል ሻጭ የቆጠረው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሃይሉክስህ የብረት ቸርኬ ከነበረው ዳዶ ቀይር። የፕራዶ አሉሚኒየም ቸርኬ ጉድጓዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው። የብረቱ ሾጣጣ ዳዶ እዚያ ላይ የሚቀመጥበት የለውም። በግልባጩ ግን ቶዮታ አስቦበታል፤ ባለ ሮንዴላው ዳዶ ጫፉ ትንሽ ሾጠጥ ስለሚል የብረት ስኮርታ ለማሰር ያገለግላል። ሮንዴላው ቸርኬውን ስላልነካ አትደንግጥ፣ ሾጣጣው ከተቀመጠ ይዟል።

የጭነት መኪና ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከቸርኬው ጀርባ የሚሸከመው ክብደት በኪሎ ይጻፋል። የከባዱን አክስል የተፈቀደ ጭነት ለሁለት አካፍለው፤ ከቸርኬው ቁጥር መብለጥ የለበትም። የፕራዶው ችግር የለውም። ከቀላል መኪና የወረደ ወይም ፋብሪካው የማይታወቅ ቸርኬ ሲሆን ነው ይሄ ነገር የሚያስፈራኝ።

ጥያቄ፦ ቸርኬዬን ከ14 ወደ 15 ስቀይር ከነጎማው ነው የገዛሁት። የድሮው 175/65 አር 14 ነበር፣ አዲሱ 195/60 አር 15 ነው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቷ የቀነሰ ይመስለኛል፣ ኪሎ ሜትሩም የሚቆጥረው ያነሰ ሆነብኝ። ሐሳብ ነው እንዴ?

መልስ፦ ሐሳብ አይደለም፣ መኪናህ ረዝማለች። ጎማውን ከዳር እስከ ዳር እንለካው። የድሮው፦ 14 ኢንች 355.6 ሚሊ ነው፤ የጎኑ ቁመት የ175 65 በመቶ፣ ማለትም 113.75፣ ከላይና ከታች ሲሆን 227.5። ድምሩ 583 ሚሊ። አዲሱ በዚሁ ሒሳብ 615 ነው። በ5.5 በመቶ ይበልጣል። ሰዓቱ 100 ሲል አንተ 105 አልፈሃል። በአንድ ዙር የምትሄደው ስለበዛ የተነዳው ኪሎ ሜትር አንሶ ይቆጠራል፤ ማርሹም እንደረዘመ ስለሆነ ዳገት ላይ ትደክማለች። ፍሬኑም እንደዚያው ነው፤ ረዥም ጎማ ለማቆም የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል።

ቸርኬውን አትጣለው። ጎማው ሲያልቅ 185/55 አር 15 ግጠም። ድምሩ 584.5 ነው፤ ከፋብሪካው የሚለየው በ1 ሚሊ ተኩል ብቻ ነው። ቸርኬ መቀየር ማለት የብረቱ ክብ ሲያድግ የጎማው ጎን በዚያው ልክ ማጠር አለበት ማለት ነው። አብሮ ያለውን ጎማ "ተርፎልኝ" ብለው የሚወስዱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያዙት።

ቦታ ስላለቀ የቀሩትን ባጭር ባጭሩ።

"ፊት ሁለቱን ብቻ በትልቅ ጎማ ብቀይርስ?" ላልከው፣ መኪናህ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ከሆነ አይሆንም። ፊትና ኋላ የተለያየ ዙር ሲዞሩ መሀል ያለው ማከፋፈያ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል፣ ይግላል፣ ይበላል። አራቱም እኩል ይሁኑ።

"ባለ 14 ቸርኬ ወደ ባለ 16 መኪና ማውረድ ይቻላል?" ላልሽው፣ ቀዳዳው ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ የፊት ፍሬኑ ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል) ላይፈቅድ ይችላል። ከማሰርሽ በፊት ቸርኬውን ያለ ጎማ ሰክተሽ በእጅሽ አዙሪው። ካሊፐሩና ቸርኬው መሀል ቢያንስ 3 ሚሊ ይኑር፤ የሚለጠፈውን የባላንስ እርሳስም አትርሺ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚፋቀው።

"የጎልፍ ሹፌር" ብለህ ለጻፍከው፣ ጎልፍህ እንደ ኤ4ቱ 5 በ112 ከሆነ የአውዲ ኤ4 ቸርኬ ይሆንሃል። ጥርሱም 14 በ1.5፣ አፉም ያው ክብ ነው። የቸርኬው መሀል 66.6 ከሆነ ግን ወደ 57.1 የሚያወርድ ቀለበት ግድ ነው። የናንተ መኪና ዳዶ ሳይሆን ከውጭ የሚገባ ቡሎን ስለሆነ ርዝመቱን እይ። ቸርኬው ወፍራም ከሆነ ቡሎኑ ያጥራል። በእጅህ እያስገባህ ዙሩን ቁጠር፤ ከዘጠኝ ዙር በፊት ከጠበቀ አጭር ነው። በጣም ከረዘመ ደግሞ ከኋላ ወጥቶ ሌላ ነገር ይነካል።

"በፎቶ አይቼ ልግዛ?" ላላችሁ ሦስት ሰዎች፣ ፊቱን ተዉትና የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። ቁጥሮቹ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ስንጥቅም ብየዳም የሚደበቀው በውስጠኛው በርሜል ላይ ነው። ፊቱ አርጅቶ ጀርባው ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እኔ አልገዛም። ጎማም አብሮ ካለ ጎኑ ላይ ከዶት ምልክት በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢተርፈው ሻጩን "አዲስ ነው" አታስብሉት። ከመግዛታችሁ በፊት ባላንስ ማሽን ላይ ጎማውን አውልቃችሁ ቸርኬውን ብቻ አስዙሩት፤ ጠርዙ ከጎን ሲታይ እንደ እባብ ከተሳበ ዋጋ መነጋገሩንም ተዉት።